የአልሙኒየሙ አነሰ፣ የእርሳሱ በዛ፦ ስህተቱ ከየት ይመጣል?

ሰላም ለሁላችሁም። የብረቶችን ልዩ የሙቀት አቅም (አንድ ግራሙን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን ሙቀት) በካሎሪሜትር፣ ማለትም የሙቀት ልውውጥ በሚለካበት ዕቃ፣ እየለካሁ ነው፤ ውጤቶቹ ግን እርስ በርሳቸው ተጋጩብኝ።

አሠራሬ የተለመደው ነው። 60 ግራም ብረት በክር አንጠልጥዬ በፈላ ውሃ ውስጥ አቆየዋለሁ፤ ከዚያም 150 ግራም ውሃ ወደያዘና ክዳን ወዳለው የፎም ኩባያ አዛውረዋለሁ። የፈላው ውሃ 96 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር (100 ነው ብዬ አልገመትኩም፣ ለክቼዋለሁ)፤ የኩባያው ደግሞ 22። አልሙኒየሙ ውሃውን ወደ 27፣ እርሳሱ ወደ 23.5 አደረሰው። ብረቱ ያጣው ሙቀት ውሃው ካገኘው ጋር እኩል ነው ብዬ ሳሰላ፣ ለአልሙኒየም 0.76፣ ለእርሳስ 0.22 ጁል በግራም በዲግሪ መጣልኝ። የታወቁት መጠኖች 0.90 እና 0.13 ናቸው።

ሙቀት ወደ አየር አምልጦ ወይም ኩባያው ወስዶት ቢሆን ኖሮ ሁለቱም ማነስ ነበረባቸው። ታዲያ እርሳሱን ምን ከፍ አደረገው? የምጠረጥረው በብረቱ ላይ ተጣብቆ የሚሻገረውን ውሃ ነው፤ ግማሽ ግራሙ ብቻ 150 ጁል ያህል ይዞ ይገባል፣ እርሳሱ በሙሉ የሚሰጠው ግን 570 ጁል እንኳን አይሞላም። ቴርሞሜትሬም የተሰመረው በየግማሽ ዲግሪው ነው፤ ከእርሳሱ የሚጠበቀው ጭማሪ ደግሞ 0.9 ዲግሪ ብቻ!

ብረቱን ላድርቀው ብል በመንገድ ይቀዘቅዛል። በደረቅ የሙከራ ቱቦ ውስጥ ባሞቀው ይሻላል ወይስ እርሳሱን አብዝቼ ውሃውን ልቀንስ? የኩባያውን የሙቀት ድርሻስ እንዴት ለይቼ ልለካ? የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ አስረዱኝ።