ላፕቶፔ 30 ፐርሰንት እያለ ድርግም ብሎ ይጠፋል፣ ባትሪው ነው ወይስ ሌላ?

ማታ አንባቢ፦
ሰላም ናችሁ፣ በናታችሁ የምታውቁ ካላችሁ እርዱኝ። ላፕቶፔ አራት አመት አካባቢ ሆኖታል፣ በፊት ሳልሰካው ግማሽ ቀን ያሰራኝ ነበር አሁን አንድ ሰአት እንኳን አይሞላም፣ ይባስ ብሎ 30 ፐርሰንት እያሳየ ምንም ሳያስጠነቅቅ ድርግም ይላል፣ ቻርጀር ሰክቼ ሳበራው ደግሞ 28 ምናምን ይለኛል። የመመረቂያ ፅሁፌን እየጨረስኩ ስለሆነ እንቅልፍ ነው ያሳጣኝ። አንዱ ልጅ ሙሉ ለሙሉ ጨርሰሽ መልሰሽ ሙዪው ካሊብሬት ይሆናል (የፐርሰንት አነባበቡ ይስተካከላል) አለኝ፣ ሌላዋ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሪው አለችኝ። ይሰራል? እስከዛ ሁሌ ሰክቼ ብጠቀምስ? ደሞ ማውስ ፓዱ ሰሞኑን ስጫነው ክሊክ አይልም፣ ጠጠር ብሏል፣ እሱ ግን ሌላ ችግር መሰለኝ።

ሽቦ ነካኪ፦
የፍሪዘሩን ነገር እርሺው እህቴ፣ እርጥበት ከማስገባት ሌላ ምንም አይፈይድም። ባትሪ ሲያረጅ የውስጡ ሬዚስታንስ (ኤሌክትሪክ እንዳያልፍ የሚያግደው ነገር) ይጨምራል፣ ፕሮሰሰሩ ድንገት ብዙ ፓወር ሲስብ ቮልቴጁ ዝቅ ይልና ላፕቶፑ ይዘጋል፣ ለዛ ነው ፐርሰንት እያለው ሚጠፋው። ውስጡ ያሉት ሴሎች (ትንንሽ ባትሪዎች) ብዙ ጊዜ ተከታትለው ነው ሚያያዙት ስለዚህ አንዷ ከደከመች ሁሉንም ይዛ ነው ምትወድቀው። ዊንዶውስ ከሆነ ኮማንድ ፕሮምፕት (ትእዛዝ በፅሁፍ ሚገባበት መስኮት) ላይ powercfg /batteryreport ብለሽ ፃፊና ኢንተር በይው፣ ፋይሉ የት እንደተቀመጠ እዛው ይነግርሻል። ዲዛይን ካፓሲቲ (አዲስ እያለ የሚይዘው) እና ፉል ቻርጅ ካፓሲቲ (አሁን ሲሞላ የሚይዘው) ሚሉትን አስተያዪ፣ አዲስ እያለ 50,000 ሚሊዋት አወር የነበረው አሁን 22,000 ካለሽ ከግማሽ በላይ አልቋል ማለት ነው። ካሊብሬሽን ፐርሰንቱን በትክክል እንዲያነብ ያደርጋል እንጂ የሞተ ሴል አያስነሳም።

የእጅ ሙያ፦
ኧረ ቆይ የማውስ ፓዱን ነገር አትለፉት! ብዙ ላፕቶፕ ላይ ባትሪው ያለው ልክ ከሱ ስር ነው፣ ክሊኩ የጠፋው ባትሪው አብጦ ከታች እየገፋው ሊሆን ይችላል። አሁኑኑ አጥፊውና ከቻርጀር ንቀዪው፣ ከዛ ዘግተሽ ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪው። ወዲያ ወዲህ ይወዛወዛል? በጎን በኩል መጋጠሚያው ከፈት ብሏል? እንደዛ ከሆነ ስለ ፐርሰንት ማውራታችንን ትተን ያበጠ ባትሪ ላይ ነው ያለነው፣ ውስጡ ጋዝ ነው፣ ከተበሳ ወይ ከተጣመመ እሳት ሊነሳ ይችላል። ወደ ቦታው ልመልሰው ብለሽ እንዳትጫኚው።

ማታ አንባቢ፦
እግዚኦ፣ አዎ ይወዛወዛል፣ በቀኝ በኩል ወረቀት የሚያስገባ ክፍተት አለው። አጥፍቼዋለሁ። ፅሁፌ ግን ሙሉው ባካፕ የለውም ምን ላርግ?

የእጅ ሙያ፦
አይዞሽ ፅሁፍሽ ባትሪው ላይ አይደለም ያለው። ባለሙያ ጋ ውሰጂውና መጀመሪያ የባትሪውን ኮኔክተር ያላቅልሽ፣ ብዙዎቹ ላፕቶፖች ያለ ባትሪ በቻርጀር ብቻ ይሰራሉ፣ አንዳንዱ ፍጥነቱን ይቀንሳል እንጂ ፋይል ለመገልበጥ አያንስም። እምቢ ካለም ኤስኤስዲው (ፋይሎችሽ የተቀመጡበት ክፍል) ከቦርዱ ሚነቀል ከሆነ አውጥቶ ሌላ ኮምፒውተር ላይ መገልበጥ ነው። ስትወስጂው ቦርሳ ውስጥ መፅሀፍ አትጫኝበት፣ ፀሀይ ላይም አታቆዪው።

ሽቦ ነካኪ፦
ልክ ነህ ወንድሜ፣ እኔ ማውስ ፓዱን አላሰብኩትም ነበር። አዲስ ስትገዢ በላፕቶፑ ስም ብቻ አትግዢ፣ አንድ ሞዴል ሁለት ሶስት አይነት ባትሪ ሊኖረው ይችላል። አሮጌው ላይ የተለጠፈውን ፓርት ነምበር ፎቶ አንሺ፣ ቮልቱ አንድ አይነት ይሁን፣ ዋት አወሩ ቢበልጥ ችግር የለውም፣ የተመረተበትን ቀንም እዪ ምክንያቱም ሊትየም ባትሪ ሳይነካ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦም ያረጃል። ሁሌ ሰክቼ ልጠቀም ላልሽው፣ አዲሱን ብትሰኪውም ሴቲንጉ ካለው 80 ፐርሰንት ላይ እንዲቆም አድርጊው፣ ባትሪ ሚጎዳው 100 ላይ ሆኖ ሲግል ነው፣ አልጋ ላይ ብርድ ልብስ ላይ አስቀምጦ መስራት ደግሞ ይብሳል። አሮጌውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳትጥዪው፣ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚሰበስቡ ነው ሚሰጠው።

ማታ አንባቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም፣ ነገ ጠዋት እወስደዋለሁ። እስከዛ ማታ ቤት ውስጥ የት ላስቀምጠው?

የእጅ ሙያ፦
ሴራሚክ ወይ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ከመጋረጃና ከአልጋ አርቀሽ። ጣፈጥ ያለ የኬሚካል ሽታ ከሸተተሽ ወይ እየጋለ ከመጣ ግን አትንኪው፣ ከክፍሉ ውጪና የእሳት አደጋ ጥሪ።