በ1911 ለንደን ውስጥ የሚሆን ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው፤ የዕለት ኑሮውን ከየት ላግኘው?

ጥያቄ፦ የጉለሌዋ

ሰላም ለሁላችሁም። ደጃዝማች ካሣ ኃይሉ (ኋላ ራስ) በ1903 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ 1911፣ ለንጉሥ ጆርጅ 5ኛ በዓለ ንግሥ ወደ ለንደን ተልከው ነበር። በዓሉ የዋለው ሰኔ 15 ነው። የእኔ ታሪክ ከዚያ ይነሳል። ከልዑኩ ጋር የሄደ አንድ ወጣት አሽከር አለ፤ እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ጌቶቹ ሲመለሱ እሱ ይቀራል። አንድ ሀብታም ቤት በገረድነት ከምትሠራ ልጅ ጋርም ይተዋወቃል።

ትልልቁን ነገር ከመጻሕፍት አገኘዋለሁ። ነገሥታቱን፣ ፓርላማውን፣ ኋላ የመጣውን ጦርነት። የቸገረኝ ትንሽ ትንሹ ነው። ልጅቷ ስንት ይከፈላታል? መቼ መቼ ከቤት ትወጣለች? እሱስ ኪሱ ውስጥ ምን ዓይነት ገንዘብ አለ? ምን ይበላል? ለንደንን አይቻት አላውቅም። በዶላር የሚከፈልበት ድረ ገጽም አቅሜ አይደለም፤ ነፃ ነገር ካለ ጠቁሙኝ።

ከመጀመሪያው ምዕራፍ ትንሽ ልለጥፍላችሁ። ሳትራሩ ቀዳዳውን አሳዩኝ።

«የንግሡ ዕለት ከምሽቱ 3 ሰዓት ቢሆንም ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። ከምድር ውስጥ ባቡሩ ወርዶ በሚንቀሳቀሰው ደረጃ ወደ ላይ ወጣ። ሻይ ቤት ገባና ሻይ በወተት፣ ዳቦ በቅቤ አዘዘ። ሲጨርስ ከኪሱ የአንድ ፓውንድ ኖት አውጥቶ ከፈለ።»

መልስ፦ ጡረተኛው

ልጄ፣ አጀማመርሽ ደስ ይላል። ኖቱን ግን ከኪሱ አውጪለት። በ1911 የእንግሊዝ ባንክ ትንሹ ኖት 5 ፓውንድ ነበር። የ1 ፓውንድና የ10 ሺሊንግ ወረቀት የወጣው ጦርነቱ ሲጀመር፣ በኦገስት 1914 ነው። ከዚያ በፊት አንድ ፓውንድ ማለት ሶቨሪን የሚሉት የወርቅ ሳንቲም ነው። እሱንም ቢሆን ለሻይ አይመዝዘውም። ብዙ የቀን ሠራተኛ ሳምንቱን ሙሉ ለፍቶ የሚያገኘው አንድ ፓውንድ ግድም ነው። አስተናጋጇ መልሱን ከየት ታመጣለች?

ሂሳቡ እንዲህ ነው። 12 ፔኒ አንድ ሺሊንግ፣ 20 ሺሊንግ አንድ ፓውንድ። ሁለት ሺሊንግ ከ6 ፔኒ የሆነ አንድ ወፍራም የብር ሳንቲምም አለ፤ ግማሽ ክራውን ይሉታል። ጊኒ ደግሞ 21 ሺሊንግ ነው። ሳንቲሙ ከጠፋ ቆይቷል፤ ሐኪሙና ጠበቃው ግን ሂሳባቸውን በጊኒ ነው የሚጠሩት። የልጅቷ እመቤት «ሦስት ጊኒ» ካለች ቤቱ ምን ዓይነት ቤት እንደሆነ አንባቢሽ ይገባዋል።

መልስ፦ ባስ ነጂ ከለንደን

የመንገዱን ነገር ለእኔ ተዉት፣ እንጀራዬ ነው።

የሚንቀሳቀሰው ደረጃ ለምድር ውስጥ ባቡሩ መጀመሪያ የተገጠመው ኧርልስ ኮርት ጣቢያ ነው። የተከፈተው ኦክቶበር 4 ቀን 1911። አንቺ ገና ጁን ላይ ነሽ። ጥልቅ ከሆነው ጣቢያ ሰው የሚወጣው በሊፍት ነበር፤ ካልሆነ በእግሩ ደረጃውን ይቆጥራል።

መንገዱ ላይ በዚያ በጋ ሁለቱንም ታገኚያለሽ፤ የፈረስ ባስም የሞተር ባስም። ትልቁ የባስ ኩባንያ የመጨረሻውን የፈረስ ባስ ያቆመው በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ ነው። ስለዚህ ጎዳናሽ ቤንዚንም ፋንድያም ይሽተት። የላይኛው ፎቅ ጣሪያ የለውም፤ ዝናብ ከመጣ እንግዲህ መቻል ነው። እንደ ዛሬው የታወቀ ፌርማታ የለም፤ እጅ ታሳያለሽ፣ ይቆማል። (እኔን ዛሬ እንዲህ ቢያደርጉኝ አልቆምም።)

ፀሐይዋን ደግሞ ከስልክሽ ላይ ነው ያየሻት መሰለኝ። ዛሬ እዚህ በጁን መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ20 ግድም ነው። ግን ይህ በበጋ አንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ነው። ያ ሕግ የመጣው በሜይ 1916 ነው። በ1911 በዚያ ዕለት 2 ሰዓት ከ20 ሲሆን ጠልቃለች። ጠዋት ደግሞ ገና ለ10 ሰዓት ሩብ ሲቀረው፣ በእኛ አቆጣጠር ሌሊት በሚባለው፣ ትወጣለች። አሽከርሽ መጀመሪያ የሚገርመው እሱ ነው።

መልስ፦ ዲያቆኑ

እኔ ደግሞ ስለ ቅቤው። በ1903 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 15 ነው። ጰራቅሊጦስ ሰኔ 4 ይሆናል፤ በማግስቱ የሐዋርያት ጾም ይገባና እስከ ሐምሌ 5 ይጾማል። ሰኔ 15 እንግዲህ የጾሙ ወገብ ላይ ነው። አንቺ ወተትና ቅቤ አስበልተሽ አስገደፍሽው!

የሰኔ ጾም የቄስ ጾም ነው የሚል አይጠፋም። ቢሆንም ልጁ ከጌቶች ጋር ነው ያለው፤ ሰው ያየዋል። ባይጾም እንኳ አለመጾሙን ልታውቂው ይገባል።

መልስ፦ የጉለሌዋ

አራት ዓረፍተ ነገር ጽፌ አራቱም ላይ ተያዝኩ ማለት ነው፤ ተመስገን። ዲያቆን፣ ታዲያ ምን ላብላው?

መልስ፦ ዲያቆኑ

ዳቦ አለ፤ ዱቄት፣ ውሃ፣ እርሾና ጨው ነው። ሻይ ያለ ወተት ይጠጣ፣ እንግሊዞቹ ይገረሙበት። ዓሣ ከሆነ እዚህም ይከራከራሉ፤ እሱ ይበላል ካልሽ ግን የሚጠበስበትን ተመልከቺ። በዚያ ዘመን ብዙ የዓሣና ድንች ጥብስ ሱቆች የከብት ስብ ይጠቀሙ ነበር። በምሥራቅ ለንደን የነበሩት አይሁድ ጠባሾች ግን በዘይት ነበር የሚጠብሱት፤ ሕጋቸው ነው። ለመጾም ሲል ከተማውን አቋርጦ ወደዚያ ቢሄድ ለአንቺም አንድ ምዕራፍ ይወጣልሻል።

መልስ፦ መዝገብ ፈላጊ

ነፃ የሆነ ካልሽ፣ መጀመሪያ የምትገቢበት ኦልድ ቤይሊ ኦንላይን ነው። ኦልድ ቤይሊ የለንደን ትልቁ የወንጀል ፍርድ ቤት ነው። ከ1674 እስከ 1913 የታተመው የችሎት መዝገብ ተቀምጧል፤ ቃል አስገብተሽ መፈለግ ትችያለሽ። ወንጀል ባይኖርሽም ግቢ። «ገረድ» እና «1911» ብለሽ በእንግሊዝኛ ፈልጊ። ምስክሮቹ ሲናገሩ ስንት ሰዓት እንደነበር፣ በሩን ማን እንደከፈተ፣ ምን እንደለበሱ፣ ምን እንደጠጡ፣ የተሰረቀው ማንኪያ ስንት እንደሚያወጣ ይዘረዝራሉ። የታሪክ መጽሐፍ ይህን ሁሉ አይጽፍልሽም።

ሁለተኛው የቻርልስ ቡዝ የድህነት ካርታ ነው። ሰውዬው የለንደንን መንገዶች አንድ በአንድ እንደ ነዋሪው ኑሮ በቀለም ለይቷቸዋል። ቢጫው የባለጸጋ ነው፤ ቀዩ ደህና ኑሮ፣ ሰማያዊው ድሃ፣ ጥቁሩ ከሁሉም የከፋ። ቢጫ መንገድ ጀርባ ላይ ሰማያዊ ስታገኚ ልብ በዪ፤ ልጅቷ ከየት እንደመጣች ሊነግርሽ ይችላል። ለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ በነፃ ለቆታል። ከፖሊስ ጋር እየዞሩ የጻፏቸው ማስታወሻዎችም አብረው አሉ። ግን የ1890ዎቹ መጨረሻ ሥራ ነው፤ ከታሪክሽ አሥር ዓመት ይቀድማል።

መንገድ ለመንገድ ለመሄድ የስኮትላንድ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ካርታዎችን ክፈቺ። ስሙ ስኮትላንድ ቢልም ለንደንም አለ። የድሮውን ካርታና የዛሬውን የሳተላይት ፎቶ ጎን ለጎን ያሳይሻል።

የ1911 የሕዝብ ቆጠራም አለ፤ ኤፕሪል 2 የተደረገ። ቅጹን የሞላው የቤቱ አባወራ ራሱ ስለሆነ የእጅ ጽሕፈቱ ይታያል። ያገባች ሴት ስንት ልጅ እንደወለደችና ስንቱ እንደሞተባት ሳይቀር ይጠይቃል። ሙሉው ብዙ ጊዜ ይከፈልበታል፤ ናሙናው ግን ለአንቺ በቂ ነው። የመምረጥ መብት ይጠይቁ የነበሩ ሴቶች ያን ሌሊት ላለመቆጠር ከየቤታቸው ወጥተው አድረዋል። ኤሚሊ ዴቪሰን የምትባለው ያደረችው ፓርላማው ውስጥ፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ተደብቃ ነው።

መልስ፦ የታሪክ መምህርቷ

ገረዲቱን ለእኔ ስጡኝ። በዚያ ዘመን በእንግሊዝና በዌልስ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሴቶች በሰው ቤት ተቀጥረው ይሠሩ ነበር። ለሴት ከዚያ የበዛ ሥራ አልነበረም። ደመወዟን በወር አታስቢው፤ በዓመት ነው የሚነገረው። ለወጣት ገረድ ከ12 እስከ 25 ፓውንድ ብትዪ አትሳሳቺም፤ ምግብና መኝታ ከዚያ ውጭ ነው።

ከንጋቱ 12 ሰዓት ተነስታ አመድ ትጠርጋለች፣ ምድጃውን በጥቁር ቀለም ትወለውላለች፣ ታነዳለች። ሙቅ ውሃ በጆግ እየተሸከመች ፎቅ ለፎቅ ትወጣለች። ጠዋት የጥጥ ቀሚስ ነው የምትለብሰው። ከሰዓት በኋላ እንግዳ ስለሚመጣ ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ ሽርጥና ቆብ ታደርጋለች። እሷን በስሟ ይጠሯታል። ዋናውን አሳላፊ በአባቱ ስም። ወጥ ቤቷን፣ ባል ባይኖራትም፣ «ሚስስ» ይሏታል።

የምትወጣው በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላና እሁድን እያለፈ ነው። ወንድ ወደ ቤት ማስመጣት ክልክል ነው። ከተያዘች ትባረራለች፤ ከሁሉም የሚከፋው ደግሞ እመቤቷ የምስክር ወረቀት ላትሰጣት ትችላለች። ሕግ አያስገድዳትም። ያለዚያ ወረቀት ደግሞ ደህና ቤት የሚቀጥራት የለም። የፍቅሩ አደጋ እዚህ ላይ ነው።

ታዲያ እንዴት ይገናኙ? በፖስታ። ደብዳቤ 1 ፔኒ፣ ፖስት ካርድ ግማሽ ፔኒ ነው። ለንደን ውስጥ ፖስተኛው በቀን ብዙ ጊዜ ይመላለሳል፤ ጠዋት የተጻፈ ማታ ይደርሳል። ግን ፖስት ካርድን ወጥ ቤቷም ታነበዋለች።

ስለ ድሃው ቤት ደግሞ የሞድ ፔምበር ሪቭስን ጥናት ፈልጊ። በ1913 የታተመ ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። እሷና ባልደረቦቿ ላምቤዝ በሚባለው የለንደን ሰፈር ቤት ለቤት እየዞሩ የእናቶችን የሳምንት ወጪ መዝግበዋል። ባል አንድ ፓውንድ ግድም ያመጣል። ከዚያ 7 ወይም 8 ሺሊንግ ለኪራይ ይሄዳል። ጋዙ ፔኒ የሚበላ ቆጣሪ ነው፤ ሳንቲም ካላጎረሱት መብራትም ምድጃም ድርግም ይላል። ሥጋው ለባል ነው፤ እናትና ልጆች ዳቦ ነው የሚበሉት። ሰኞ የባልን የእሁድ ኮት መያዣ ሱቅ ታስይዛለች፤ ቅዳሜ ታስፈታዋለች። ያም ሆኖ ለቀብር የምትከፍለው አይቀርም። በየልጁ ስም በየሳምንቱ ፔኒ ታዋጣለች፤ እንደ እኛ እድር በሉት፣ ገንዘቡን ግን የሚሰበስበው በር ለበር የሚዞር የኩባንያ ሰው ነው። ልጅቷ ከደመወዟ ለእናቷ የምትልከው ወዴት እንደሚሄድ አሁን ታውቂያለሽ።

መልስ፦ ተከራካሪው

ሁላችሁም ጥሩ ብላችኋል፤ እኔን ግን ዋናው ታሪክ አልዋጥልኝ አለ። ፓስፖርት የለው፣ ፈቃድ የለው። ማን ነው ለንደን ላይ ዝም ብሎ የሚያስቀረው?

መልስ፦ መዝገብ ፈላጊ

ወንድሜ፣ የዛሬውን ይዘህ ነው። ከ1914 በፊት እንግሊዝ ለመግባት ፓስፖርት አይጠየቅም ነበር። የ1905ቱ የውጭ ዜጎች ሕግ የሚፈትሸው በመርከብ በርካሽ ክፍል የሚመጣውን ድሃ ነው። የንጉሥ እንግዳ አሽከር ማን ይነካዋል? በኦገስት 1914 ግን ነገሩ ይለወጣል፤ የውጭ ሰዎችን ፖሊስ ዘንድ የሚያስመዘግብ ሕግ ይወጣል። ታሪኩ እስከዚያ ከዘለቀ እሱን አትርሺው።

የሚጠጋበትም አለ። ላይምሃውስ፣ ወደቡ አጠገብ፣ ከ1857 ጀምሮ ለእስያና ለአፍሪካ መርከበኞች የተሠራ የእንግዶች ማደሪያ ነበር። ሶማሌም የመንም እዚያ ይገኛል፤ ዐረብኛ ወይም ሶማልኛ ከቻለ ሰው አያጣም። በጁላይ 1911 መጨረሻ ደግሞ ለንደን ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዘሮች ሁሉ ጉባኤ የሚባል ትልቅ ስብሰባ ተደርጓል። ከብዙ አገር ጥቁሮችና እስያውያን ምሁራን መጥተዋል። በር ላይ ብታቆሚው ማንም ውሸት ነው አይልሽም።

መልስ፦ ባስ ነጂ ከለንደን

አንድ ልጨምር። ያ በጋ እሳት ነበር። ኦገስት 9 ግሪንዊች ላይ 36.7 ዲግሪ ተመዝግቧል፤ እስከ 1990 ድረስ ያን የሚበልጥ አልመጣም። በዚያው ወር የወደብና የባቡር ሠራተኞች አድማ መቱ፤ ቅቤው ወደቡ ላይ ተበላሸ። ጭጋግና ብርድ ብቻ እንዳትጽፊ።

መልስ፦ የጉለሌዋ

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ለተከራካሪውም፤ ያን ባይጠይቅ እኔም አልጠይቀውም ነበር። ኦልድ ቤይሊ ገብቼ መውጣት አቃተኝ፤ የአንድ ገረድ ምስክርነት ሳነብ አመሸሁ። አንቀጹን እንዲህ አደረግሁት፦

«የንግሡ ዕለት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል ሆኗል። ፀሐይዋ ጠልቃለች፤ ሰማዩ ግን ገና አልጠቆረም። ሻይ ያለ ወተት፣ ዳቦ ያለ ቅቤ አዘዘ። አስተናጋጇ ሁለቴ ጠየቀችው። ፔኒዎቹን አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ የትኛው ግማሽ እንደሆነ ገና አልለመደውም። ከዚያ ወጥቶ ትራም ተሳፈረና ወደ ኦክስፎርድ ስትሪት ሄደ።»

መልስ፦ ጡረተኛው

አሁን ሰው ሆነ።

መልስ፦ ባስ ነጂ ከለንደን

ግሩም ነው። ግን ትራም ኦክስፎርድ ስትሪት አይገባም። የመሀል ከተማው ባለጸጋ ሐዲድ አናስገባም ብሎ ነበር። ባስ አሳፍሪው፤ የፈረሱን ከሆነ የፈለግሽው።