ለሁሉም ይስቃል፣ እኔ ስቀርብ ግን ይርቃል

ጠያቂ፦ የሽምብጧ

ሰላም እንዴት ናችሁ? የምጽፈው ከባሕር ዳር ነው። እኔና ባለቤቴ አራት ዓመት ያለፈው ወንድ ልጅ በጉዲፈቻ ወስደናል። ከማሳደጊያ ወጥቶ እኛ ቤት የገባው በዚህ ክረምት ነው።

ልጁ ቀልጣፋ ነው፣ ሰው ይወዳል። ችግሩም እሱ ነው። ጣና ዳር ልናናፍሰው ስንወጣ ቡና የምታፈላዋን ልጅ «እማዬ»፣ ፎቶ አንሺውን «አባዬ» ይላል። ከጀልባ የወረደ እንግዳ እጁን ቢዘረጋለት ዞር ብሎ እንኳ ሳያየን ይከተለዋል። ቤት ስንገባ እኔ ስቀርበው ሸርተት ይላል። ባለፈው ደጃፍ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ተላጠ፤ አላለቀሰም። አቧራውን አራገፈ፣ ደሙን በእጅጌው ጠረገ፣ ላነሣው ስል «ደህና ነኝ» አለኝ እንደ ትልቅ ሰው። ወጥ ቤት ገብቼ ያለቀስኩት እኔ ነኝ። ትራሱ ሥር ደግሞ ሁልጊዜ የደረቀ ዳቦ አገኛለሁ።

አማቴ መልካም ሴት ናቸው፣ አልዋሽም። ግን «ዘመድ ይየው» ብለው ቤቱን በሰው ሞሉት። የመጣው ሁሉ ያቅፈዋል፣ ያጎርሰዋል፣ ብር ይሰጠዋል። ሰሞኑን በስልክ «ካልለመደ ይመልሱታላ!» ሲሉ ልጁ ጓዳው በር ላይ ቆሞ ነበር። ለመስቀልም ዘጌ ዘመዶቻቸው ዘንድ ሊወስዱት አስበዋል።

ሰው አትምጡብኝ ይባላል እንዴ? ዳቦውንስ ልውሰድበት?

መልስ፦ ጡረተኛዋ ሲስተር

አይዞሽ ልጄ። ብዙ ዘመን ሕፃናት ክፍል ሠርቻለሁ። ማሳደጊያ ውስጥ ሞግዚት በፈረቃ ነው፤ ዛሬ ያጎረሰችው ነገ የለችም። ስለዚህ ልጁ ለመጣው ሁሉ መሳቅን ተምሯል፤ የመኖር ዘዴው ነበር። አልቅሶ የሚመጣለት ያጣ ልጅም ማልቀሱን ይተወዋል። አንቺን ጠልቶ እንዳይመስልሽ።

አዎ፣ ሰዉን ቀንሺ። ለጊዜው ነው። ማጉረስ፣ ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማስተኛት ለተወሰኑ ወራት ያንቺና የባልሽ ብቻ ይሁን። እንግዳ ይምጣ፣ ቡናውን ይጠጣ፤ ከረሜላውን ግን ላንቺ ይስጥና ልጁ ካንቺ እጅ ይቀበል። ወደ ሰው ሲሮጥ አትቆጪው። እጁን ያዢና አብራችሁ ሄዳችሁ ሰላም በሉ፣ አብራችሁ ተመለሱ።

ዳቦውን እንዳትነኪበት! ክዳን ባለው ዕቃ ቆሎና ዳቦ አድርገሽ እጁ የሚደርስበት ቦታ አኑሪለት፤ ማታ ማታ አብራችሁ ሙሉት። ባዶ እንደማያድር ሲያምን መደበቁን ራሱ ይተዋል። ሲወድቅም «ደህና ነኝ» ቢልሽ አትመኚው። አጠገቡ ቁጭ በዪ፣ በውኃና በሳሙና እጠቢለት፣ እፍ በዪለት፣ «አመመህ አይደል? እኔ አለሁ» በዪው። ለትንሿ ጭረት ሳይቀር። ማታ ገላውን ታጥቦ ሲወጣ እግሩን ቅባት ቀቢው፤ ማቀፍ የማይወድ ልጅ እግሩን ሲቀቡት ዝም ይላል። እታዘላለሁ ካለ ደግሞ እዘዪው፣ ትልቅ ነው ብለሽ እንዳታፍሪ።

ምግብ ወይም እንቅልፍ እምቢ ካለ ግን ሳትቆዪ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

መልስ፦ ዓባይ ማዶ

እኔ አባት ነኝ፣ ሴት ልጅ ነው የወሰድነው። እኛን ያላመደን ጉማሬ ነው ብል ትስቂያለሽ። ዓባይ ከጣና የሚወጣበት አካባቢ በየማታው በያው ሰዓት፣ በያው መንገድ ጉማሬ ፍለጋ እንወጣለን። አብዛኛውን ጊዜ የለም፤ ደንገል አይተን እንመለሳለን። አንድ ማታ ጆሮውን ከውኃው በላይ ሲያወዛውዝ አየችና ሱሪዬን ጨምድዳ ይዛ እግሬ ኋላ ገባች። ከዚያ በፊት ፈርታ ወደ እኔ መጥታ አታውቅም ነበር።

ባልሽም ከልጁ ጋር ብቻ የሚያደርጉት አንድ ነገር ይኑረው። ውድ መጫወቻ መግዛቱ ይቆየው።

መልስ፦ የሕግ ሰው

«ይመልሱታል» ስለሚለው። ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ አሳዳጊው ደከመኝ ብሎ የሚያፈርሰው ውል አይደለም። በቤተሰብ ሕጉ ፍርድ ቤት የሚሽረው ልጁ በአሳዳጊው እጅ ክፉኛ ሲበደል ነው፤ ያም ለልጁ ጥበቃ ነው። ይህን ለእማማ ልጃቸው ይንገራቸው፤ ካንቺ ከሰሙት ቅያሜ ይሆናል። ልጁ ግን ቃሉን ሰምቷል፣ ስለዚህ ሁለታችሁም በግልጽ ንገሩት፦ ብታጠፋም፣ ብትቆጣም የትም አትመለስም። አንዴ ብቻ አይበቃውም።

ጠያቂ፦ የሽምብጧ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ ዛሬውኑ ያናግራቸዋል። የዘጌውስ ነገር፣ ሲስተር?

መልስ፦ ጡረተኛዋ ሲስተር

ያለ እናንተ አይሂድ። ሁላችሁም ከሄዳችሁ ጠዋት ሄዳችሁ በዕለቱ ተመለሱ፣ አዳር ይቅር። አማትሽን ደግሞ አታስቀይሚያቸው፤ እንግዳውን ማስተናገዱን ለሳቸው ስጫቸው፣ ይችሉበታል። ጀልባው ላይ ካንቺ ጭን አይውረድ፣ የመንሳፈፊያ ጃኬቱንም ራስሽ እሰሪለት።