አስቸኳይ! ስፕሪንክለሩ (ውሃ መርጫው) አልዘጋም አለ፣ ሜዳው ቅዳሜ ይከፈታል

የሚኒሶታው፦
ሰላም ወገኖች። ጎልፍ ሜዳ ላይ የምትሠሩ ካላችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ዛሬ ጠዋት ለሲዝኑ ውሃ ለቀቅን፣ ሁሉም ደህና ነበር፣ 7ኛው ግሪን (ኳሱ የሚገባበት ጉድጓድ ያለበት አጭር ሣር) ጎን ያለው ስፕሪንክለር ግን ብቅ እንዳለ ቀረ። ከኮምፒውተሩ አጠፋሁት፣ ወይ ፍንክች! ግሪኑ ኩሬ ሊሆን ነው። ፓምፑም ይነሳል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። አለቃዬ ስልክ አያነሳም። ምን ላድርግ?

ዳላስ_ነኝ፦
ኩሬ ከሆነ ዓሣ ጨምርበትና ጥራን። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ግን እዚህ እንዳትጀምሩብን።

ቧንቧ_ሠሪው፦
ፓምፑን አጥፋ። ዋናውን ዝጋ። ከዚያ አስብ።

የሚኒሶታው፦
ሁሉን ከዘጋሁ እኮ ሌሎቹ መስመሮች ይቆማሉ። ጓደኛዬ 12ኛው ላይ ገና አየር እያስወጣ ነው።

የድሮ_ሜዳ_ሠራተኛ፦
ወንድሜ፣ ውሃውን እንዴት እንደለቀቃችሁት አልነገርከንም። ጥቅምት ላይ በኮምፕሬሰር ነፍታችሁ ያደረቃችሁት ቧንቧ አሁን አየር ብቻ ነው። ውሃ በኃይል ከገባበት አየሩ ይታመቃል፣ መውጫ ባገኘ ጊዜ ውሃው ተወርውሮ ይመታል፣ የፒቪሲ መጋጠሚያ የሚሰነጠቀውም ያኔ ነው። ስለዚህ ቀስ ብሎ ነው የሚሞላው፣ ቧንቧው ውስጥ በሴኮንድ 1 ጫማ ያህል ቢሄድ ይበቃዋል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ያሉት ክዊክ ካፕለሮች (የውሃ ጎማ የሚሰካባቸው አፎች) ክፍት ይሁኑ፣ ማስነጠሳቸውን ትተው ውሃ ብቻ እስኪሰጡ ድረስ። እኛ በነበርንበት ሜዳ ቀኑን ሙሉ ይፈጅ ነበር፣ የዛሬ ልጆች ግን ከምሳ በፊት መጨረስ ትፈልጋላችሁ።

ቧንቧ_ሠሪው፦
ዋናውን ዝጋ አልኩ እኮ።

ቀዝቃዛው፦
እኔ የሚገርመኝ ቅዳሜ መከፈቱ ነው። ማን ወሰነ? የብረት ዘንግ ውሰድና መሬቱን ውጋው። ላዩ ቀልጦ ውስጡ ገና በረዶ ከሆነ ውሃው መውረጃ የለውም። ሰው ሲረግጠው ሣሩ ከሥሩ ይላቀቃል፣ ግሪኑ ደግሞ ለወራት አያገግምም። ስፕሪንክለሩ ትንሹ ችግርህ ነው።

የሚኒሶታው፦
ይሄን ለአለቃዬ ንገርልኝ። እኔ አሁን ውሃ ውስጥ ቆሜያለሁ።

ሣር_ቆራጯ፦
ጠጠር ወይ አሸዋ ይዞት ነው፣ በየዓመቱ የሚያጋጥም ነገር ነው። ቫልቩ እዚያው ስፕሪንክለሩ ሆድ ውስጥ ያለ ዓይነት ከሆነ ክዳኑ ላይ ኦን፣ ኦፍ፣ ኦቶ የሚል መምረጫ አለው። በቁልፉ ኦፍ ላይ አዙረው። ከቆመ ችግሩ ከሽቦው ወይ ከሶሌኖይዱ (ቫልቩን በኤሌክትሪክ ከሚከፍተው ዕቃ) በኩል ነው፣ ለዛሬ እዚያው ተወው። ካልቆመ ቆሻሻው ቫልቩ ሥር ነው። ያኔ የ7ኛውን መስመር ብቻ የሚዘጋውን ቫልቭ ዝጋ፣ ሌላውን አትንካ። ግፊቱ ሙሉ በሙሉ መውጣቱን ሳታይ እንዳትፈታው፣ ፊትህ ላይ ነው የሚፈነዳብህ። ከዚያ ቀለበቷን አውጣ፣ ውስጡን ሳበው፣ ቫልቩን በመሣሪያው አውጥተህ እጠበው፣ ጎማው መሰንጠቁንም እይ። ፓምፑ የሚነሳ የሚጠፋውም በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል። ይህ ተዘግቶም ካላረፈ ግን ሌላ ቦታ የሚያፈስ ቧንቧ አለ፣ ፌርዌዩ (ወደ ግሪኑ የሚወስደው ሰፊ ሣር) ላይ የረጠበ ቦታ ፈልግ።

ዳላስ_ነኝ፦
እህቴ፣ አንቺ ቅዳሜ ሂጂና ክፈቺላቸው።

811_በሉ፦
የረጠበ ቦታ ካገኘህ ዝም ብለህ እንዳትቆፍር። መጀመሪያ 811 ደውል፣ ነፃ ነው። የጋዝና የመብራቱን መስመር መጥተው ምልክት ያደርጉልሃል። የሜዳውን የራሱን የመስኖ ቧንቧና ሽቦ ግን አያሳዩህም፣ እሱ የናንተ ጉዳይ ነው።

የሚኒሶታው፦
ኦፍ አደረግሁት፣ ቀነሰ እንጂ አልቆመም። የ7ኛውን ቫልቭ እየፈለግሁ ነው፣ ካርታው ቢሮ ተቆልፎበታል።

ሣር_ቆራጯ፦
ዋናው ቧንቧ ወደ ግሪኑ የሚገነጠልበት አካባቢ ፈልግ፣ ክብ አረንጓዴ ክዳን ነው። ሣር በልቶት ሊሆን ይችላል፣ በዘንግ እየወጋህ ሂድ።

ቧንቧ_ሠሪው፦
ዋናውን ብትዘጋ ኖሮ ይሄኔ ቡና ትጠጣ ነበር።

ቀዝቃዛው፦
ጠያቂው የት ገባ? መሬቱን ወጋኸው ወይስ?

አዲስ_ገቢ፦
ይቅርታ ከርዕሱ ወጣሁ፣ እዚያ ሜዳ ሰው ይቀጥራሉ? ወንድሜ በቅርብ ነው የመጣው፣ መንጃ ፈቃድ ግን ገና የለውም።