የቮልስ በር ክፍተት አልስተካከል ብሎኛል፣ የምታውቁ እርዱኝ

የሆጤው፦
ሰላም ለሁላችሁ። እዚህ ደሴ የአባቴን ቮልስ ግቢያችን ውስጥ እያደስኩ ነው፣ እ.ኤ.አ. የ1967 ናት። ከበሩ ስር ያለው ረጅሙ ባዶ ብረት፣ የሞተሩ ሙቀት የሚያልፍበት ማለቴ ነው፣ በዝገት አልቆ ስለነበር ሁለቱንም ጎን አስቆርጬ በአዲስ ላሜራ አስበየድኩ። አሁን በሩን መልሼ ስሰቅል በሹፌሩ በኩል ከኋላ ከላይ ብረት ለብረት ይፋጫል፣ ከታች ግን ጣት ያስገባል። ማጠፊያውን አላልቼ ብገፋውም ሳጠብቀው ተመልሶ እዛው ነው። የሚሠራልኝ ባትላሜራ (የመኪና ቦዲ ሠሪው) ክፍተቱን በስቱኮ፣ በሚደርቀው መሙያ ሊጥ ማለቴ ነው፣ እንሙላው ይላል፣ እኔ ልቤ አልፈቀደም። አባቴ በዚች መኪና የሐረጎን ዳገት ስንት ዓመት ወጥቶ ወርዶባታል፣ ያኔ በሩ ሲዘጋ ጥፕ ይል ነበር፣ መስኮቱ ካልተከፈተ አየሩ እየገፋው እንቢ እስኪል ድረስ። እሱን መመለስ ነው የምፈልገው።

የኮምቦልቻው ባትላሜራ፦
አብሽር ወንድሜ፣ ስቱኮውን ግን እንዳታስነካው። መጀመሪያ በሩ የሚነክሰውን ብረት ከምሰሶው ላይ ፍታው፣ የበሩን ጎማም አውጣ፣ በሩ ማንም ሳይገፋው ሳይጎትተው በራሱ እንዲንጠለጠል። ከዛ ክፈተውና ከጫፉ ይዘህ ወደላይ አንሳው። ከተንቀጫቀጨ የማጠፊያው ፒን ተበልቷል ማለት ነው፣ ፒን ቀይረህ ትገላገላለህ። ካልተንቀጫቀጨ ግን በሩ ጥፋት የለውም፣ ቦዲው ነው ወደታች የተቀመጠው። በሜትር ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ከመስኮቱ ስር ለካ፣ ከታችም ለካ፣ ከዛ ከተሳፋሪው በኩል ጋር አስተያየው። ስትለካ መኪናዋ በአራት ጎማዋ ደልዳላ ቦታ ትቁም፣ ክሪክ ላይ የተለካ ልክ ልክ አይደለም። ለመሆኑ ሲበየድ በሩ ቦታ ላይ የብረት ድጋፍ ተደርጎ ነበር?

ቮልስ ወዳጅ ከሐይቅ፦
ከላይ ያለው ወንድማችን እንዳለው በሩ ይቅደም፣ ፓራፋንጎ (ጎማውን ከላይ የሚሸፍነው ላሜራ) እና ኮፈን በኋላ ነው የሚደርሱት። እኔ ክፍተት የምለካው በኤቲኤም ካርድ ነው፣ አራቱን ስትደርብ 3 ሚሊ አካባቢ ይመጣል፣ ዙሪያውን እኩል ካለፈልህ በቂ ነው። ፓራፋንጎ ስትገጥም ደግሞ በ13 ቁልፍ አንዱን ቡሎን ጥርቅም አድርገህ ወደ ሌላው እንዳትሄድ፣ ሁሉንም በእጅ አስይዝ፣ በሱና በቦዲው መሃል የሚገባውን የጎማ ክር አስገባ፣ ከዛ ቀስ በቀስ እያዟዟርክ አጥብቅ። ፓራፋንጎ የምትገዛም ከሆነ ከ1968 ሞዴል ጀምሮ የፊት መብራቱ ቀጥ ብሎ የቆመ ነው፣ ያንተ የተጋደመው ከሆነ ቅርፁ አይመሳሰልም። እኔ ሳላይ ገዝቼ ገንዘቤ ቀልጧል።

ሸዋበር፦
ስለ ስቱኮው ልጨምር፣ ወፍራም ስቱኮ በር ጠርዝ ላይ አይቆይም፣ በኮብሉ መንገድ ሲርገፈገፍ ይሰነጠቅና ውሃ ያስገባል፣ የደሴን ክረምት ታውቁታላችሁ፣ ከስር ዝገቱ እንደገና ይጀምራል። ተው ወንድሜ፣ የአባት መኪና ናት።

የሆጤው፦
አላህ ይስጣችሁ። በሩን አነሳሁት ምንም አይንቀጫቀጭም። ስለካው የሹፌሩ በኩል ከመስኮቱ ስር ከተሳፋሪው 7 ሚሊ ጠቧል፣ ከታች ግን ሁለቱም እኩል ናቸው። ድጋፍ አልተደረገም፣ ሲበየድ ቦዲው ፊትና ኋላው ብቻ ግንድ ላይ ተቀምጦ ነበር።

የኮምቦልቻው ባትላሜራ፦
በቃ እሱ ነው። መሃሉ ባዶ ስለነበር ወደታች ተቀምጦ ምሰሶዎቹ ከላይ ተቀራርበዋል። በዛ ጎን የታችኛውን ብየዳ ክፈተው፣ መሃሉን በክሪክና በጣውላ ቀስ እያልክ አንሳ፣ ሜትሩ ከተሳፋሪው በኩል ጋር ሲገጥም በሩ ቦታ ላይ አንግል ብረት አግድም አስበይድበት። ከዛ በሩን ስቀልና እየው፣ ዙሪያውን ካለፈ ብቻ ነጥብ በነጥብ እያዘዋወረ ይበይደው፣ ባንዴ ከሄደበት ሙቀቱ ራሱ ይጎትተዋል። አንግሉን ሁሉም ተበይዶ ሳይቀዘቅዝ እንዳትቆርጠው።

የሆጤው፦
እሺ ጋሼ፣ ቅዳሜ ብየዳውን እናስከፍታለን። ከሰቀልኩት በኋላ ካርዱ በየት በየት እንዳለፈ እዚሁ እጽፋለሁ።