ከደብረ ብርሃን ያመጣሁት የዱር እሬት እየበሰበሰብኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ቤቲ_ሰሚት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ጥር ላይ ለጥምቀት ዘመድ ጋ ሄደን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ ዳገት ላይ አንድ እሬት ነቅዬ አመጣሁ። ዳገቱን ሞልቶታል፣ አንድ ብወስድ ምን ይጎድልበታል ብዬ ነው። ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ፣ የዘይት ጄሪካን ቆርጬ ጥሩ ጥቁር አፈርና ፍግ ሞልቼ ተከልኩት። ጠዋት ጠዋት ውሃ አጠጣዋለሁ። እስከ ሰኔ ደህና ነበር። አሁን ከታች ያሉት ቅጠሎች ውሃ ውስጥ እንደቆየ እንጀራ ላሽቀዋል፣ ቡናማ ሆነዋል፣ ይሸታልም። ከላይ ያሉት ግን አረንጓዴ ናቸው። ውሃ አነሰው እንዴ? ደግሞ ይሄ ሱቅ ጄሉ ከሚሸጠው እሬት ጋር አንድ ነው? ለፀጉር ፈልጌው ነበር። ፎቶ አያይዣለሁ፤ የደረቀው የአበባ ግንድ ስመጣ የነበረው ነው።

የበረንዳ_ገበሬ፦

ቤቲዬ፣ ውሃ አነሰው ትያለሽ እንዴ! አሰጠምሽው እኮ። ጥቁር አፈር፣ ፍግ፣ በየጠዋቱ ውሃ፣ ላዩ ላይ የሐምሌ ዝናብ። ጄሪካኑስ ታቹ ተበስቷል? ካልተበሳ እሬትሽ የቆመው ኩሬ ውስጥ ነው።

አሁኑኑ ንቀይው። አፈሩን አራግፊለት፣ ከዚያ የላሸቀውን ሁሉ በስለት ቁረጪ። ውስጡ ነጭና ጠንካራ እስኪሆን ድረስ ቁረጪ፣ አትዘኚለት፣ ትንሽ ቡናማ ከተውሽ ተመልሶ ይበሰብሳል። ሥር ባይተርፈውም ግድ የለም፣ የግንዱ ታች ደህና ከሆነ አዲስ ሥር ያወጣል። ጥላ ውስጥ፣ ዝናብ የማይነካው ቦታ፣ ሳምንት አስር ቀን አስቀምጪውና ቁስሉ ይድረቅ። መልሰሽ ስትተክይው ግማሹን ሬድ አሽ አድርጊው፣ ያ ግንባታ ላይ የሚደፋው ቀዩ ማለት ነው፤ ደቃቁን ነፍተሽ አውጪና ጠጠር ጠጠሩን ውሰጂ። ከተከልሽ በኋላ ደግሞ እጅሽን ሰብስቢ፣ ለሁለት ሳምንት ጠብታ ውሃ እንዳትሰጪው። እኔ ሦስት እሬት የገደልኩት በፍቅር ነው።

ዕፅዋት_ወዳጅ፦

ፎቶውን አየሁት። ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ዳሩ ላይ ቀላ ያሉ ጥርሶች፣ ግንድ የሌለው እስኪመስል መሬት ላይ ክብ ሠርቶ የተቀመጠ። ዋናው ምልክት ግን ያ የደረቀው የአበባ ግንድ ነው። እንደ መቅረዝ ብዙ ቦታ ተከፋፍሏል፣ የቅርንጫፎቹ ጫፍ ላይ አበቦቹ አጠር ብለው እንደ ጉብ ተሰብስበው ነበር። ይህን ከቦታው ጋር ሳየው አሎ ዴብራና ነው እላለሁ። ስሙም ከደብረ ብርሃን የተወሰደ ነው፤ ከኢትዮጵያ ውጭ በዱር አይበቅልም።

ሱቅ ያለው አሎ ቬራ ሌላ ዝርያ ነው። የሱ አበባ ቢጫ ነው፣ ግንዱም እንዲህ አይከፋፈልም፣ ትውልዱ ከዓረብ ምድር ነው። እኛ አገር ከ40 በላይ የእሬት ዝርያ እያለ ሰው ሁሉንም አንድ አድርጎ ማየቱ ይገርመኛል። እዛው አካባቢ አንኮበር ገደል ላይ ቁልቁል ተንጠልጥሎ የሚበቅል ሌላ እሬት አለ፤ የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ሰብስቤ ደምሴውና ጊልበርት በ1997 እ.ኤ.አ. ነው ስም ያወጡለት።

ለምን እንደበሰበሰ ደግሞ ልጨምር። እሬት የቅጠሉን የአየር ቀዳዳ ቀን ዘግቶ ሌሊት ነው የሚከፍተው። በዚህ የተነሳ ውሃ የሚያባክነው በጣም ጥቂት ነው። የሚያስፈልገውን ቅጠሉ ውስጥ አጠራቅሟል። ሥሩም ወደ ታች አይጠልቅም፣ ከላይ ከላይ ተዘርግቶ የዘነበውን ቶሎ ጠጥቶ ሌላውን ጊዜ ደርቆ መቆየት ነው የለመደው። ሥሩ ሁልጊዜ ጭቃ ውስጥ ከሆነ አየር ያጣል፣ ከዚያ ሻጋታው ይገባል።

ለፀጉሩ ጠንቀቅ በይ። ከቅጠሉ ቆዳ ሥር የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽና መሀል ያለው ነጭ ጄል የተለያዩ ናቸው። ቢጫው ነው መራራው፤ ከተዋጠ ሆድ ያስሮጣል፣ ቆዳ የሚያሳክካቸውም አሉ።

የጠራ_ልጅ፦

እኔ እዛው ነው ያደግኩት። እንዲህ ያለ እሬት የሚወደው ጭንጫ ዳገት ነው፣ አፈሩ ስስ የሆነበት፣ ውሃ የማይቆምበት። ሜዳው ላይ ዋልካው ውስጥ አታገኚውም። ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጩ ሣሩን ሲያነጨው እሬቱ ቅጠሉ ቀላ ይልና ዝም ብሎ ያልፋል። ብርዱን ይችላል፣ ብርድና እርጥበት አንድ ላይ ግን አይሆንለትም። ከብት ስለማይበላውም ነው እንዲህ የበዛው፣ ሌላው ሲጋጥ እሱ ይቀራል። ሲያብብ ምንቃሯ ቆልመም ያለች ትንሽ ወፍ አበባው ላይ ተለጥፋ ማሩን ስትመጥ ትውላለች።

እናቴ ታናሼን ጡት ያስጣለችው በዚሁ ነው። አንዴ ቀባች፣ ልጁ አንዴ ቀመሰ፣ አለቀ። ሁለተኛ ዞሮ አላየም።

ግን እህቴ፣ ትልቁን ባትነቅይው ጥሩ ነበር። ከጎኑ ልጅ ካበቀለ እሷን ትወስጃለሽ፣ ካልሆነም ፍሬው ደርቆ ሲሰነጠቅ ዘሩን ትለቅሚያለሽ። ከዘር ዓመታት ይፈጃል፣ ግን ካንቺ በረንዳ ጋር ተስማምቶ ያድጋል።

ሜሪላንድ12፦

ስለ ዘር ካነሳችሁ፣ ክረምት ላይ ስመጣ አንድ ችግኝ በሻንጣ ብወስድ ችግር አለው?

ዕፅዋት_ወዳጅ፦

አለው። ከአሎ ቬራ በቀር የእሬት ዝርያዎች በሙሉ በሳይተስ፣ ማለትም የዱር እንስሳትና ዕፅዋትን ንግድ በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት፣ የተመዘገቡ ናቸው። ችግኝ ድንበር ለማሻገር ከዚህ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ አሜሪካም ስትገቢ ይጠይቁሻል። እዛው አሎ ቬራ ግዢና ተገላገይ።

ቤቲ_ሰሚት፦

አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ጄሪካኑ አልተበሳም ነበር፣ አፍሬያለሁ። ነቀልኩት። ሥሩ ሁሉ እጄ ላይ ቀረ፣ ግንዱን ግን አራት ጣት ያህል ቆርጬ ነጩ ጋ ደረስኩ። ዘጠኝ ቅጠል ተርፎታል፣ አሁን ኩሽና መስኮት ላይ ጋዜጣ ላይ ተኝቷል። ሬድ አሹን ጎረቤት ቤት እያሠራ ስለሆነ በፌስታል ሰጥቶኛል። ጸጉሩን ትቼዋለሁ፣ ምክንያቱም ስቆርጥ ረስቼ በጣቴ ከንፈሬን ነክቼ ሦስቴ በሳሙና ታጥቤ ማታ ሽሮዬን ስበላም ምሬቱ አለ።