የቲቢ መድኃኒት ጀምሬ ሽንቴ ብርቱካንማ ሆነ፣ ኩላሊቴ እየተጎዳ ነው?

የጉለሌ ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? የቲቢ መድኃኒት ከጀመርኩ ዛሬ 3ኛ ቀኔ ነው። ጠዋት ሽንት ቤት ገብቼ ክው አልኩ፤ ሽንቴ ሚሪንዳ መስሏል! የነጭ ካናቴራዬ አንገትም ቀለም ይዟል። ኩላሊቴ እየተበላሸ ይሆን? ላቁመው እንዴ?

ፋርማሲስቷ፦
እንዳታቆም! ቀለሙ ከቲቢ መድኃኒቶችህ አንዱ የሆነው የሪፋምፒሲን ነው። መድኃኒቱ ራሱ ቀይ ስለሆነ በሽንት፣ በላብ፣ በእንባም ሲወጣ ያቀልማል። የሚገርመው ግን ዋናው መውጫው ኩላሊት አይደለም። ጉበት ይቀይረውና ከሐሞት ጋር ወደ አንጀት ይለቀዋል፣ አብዛኛው በሰገራ ይሄዳል፣ አንተ ያየኸው ትንሹን ድርሻ ነው። ለመውጣት ኩላሊት ላይ የተንጠለጠለው ሌላው የቲቢ መድኃኒት ኢታምቡቶል ነው፤ ለዚህ ነው ኩላሊቱ በጣም ለደከመ ሰው በየቀኑ መሆኑ ቀርቶ በሳምንት 3 ቀን የሚሰጠው። አለዚያ ደም ውስጥ ይጠራቀምና ዓይን ሊጎዳ ይችላል።

ሻይ በቅመም፦
እኔ 6 ወሩን ጨርሻለሁ፣ አይዞህ። ለስላሳ ኮንታክት ሌንስ የምታደርግ ከሆነ ግን አውልቀው፣ የእኔ ቀልሞ ቀረ። ውሃ ብዙ ብትጠጣ ደግሞ ቀለሙ ይቀጥናል እንጂ መድኃኒቱ ታጥቦ አያልቅም፣ የሰፈር ወሬ አትስማ።

ፋርማሲስቷ፦
ልክ ነሽ። አንድ ነገር ልጨምር፦ የዓይንህ ነጩ ቢጫ ከሆነ፣ ካስመለሰህ፣ ሽንትህ ጥቁር ሻይ ከመሰለ ያ የጉበት ጉዳይ ነው። ያኔ ሳትውል ሳታድር ወደ ሕክምና!

የጉለሌ ልጅ፦
እፎይ! ዓይኔን በመስታወት አየሁት፣ ነጭ ነው። የዛሬውንም ዋጥኩ።